የአባቴ ወረቀት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ለማታ አስቀምጡት።

ሰሞኑን ደባርቅ ገበያ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ አገኘኝና እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። «ቲቸር፣ አባትዎን ካንሰር ያዛቸው ሲሉ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይማርልን» አለኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩ መስሎት ይበልጥ አጽናናኝ። የደፋሁት ግን አፍሬ ነው። ያ ወሬ የተነሳው ከማንም አይደለም፣ ከእኔው አፍ ነው። ስህተት ነበር። ስህተቱ ደግሞ አንድ በሬ አስከፍሎናል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴን አስፈቅጃለሁ። «ሰው ከተማረበት ጻፈው፤ ስሜን ግን እንዳታወጣው» ብሎኛል።

ነገሩ የጀመረው አምና ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። አባቴ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ያየዋል። ሕመም የለም፣ ማቃጠል የለም፣ ትኩሳት የለም። በማግስቱ ጠራ። በሳምንቱ ተመለሰ። ጠበል ተጠመቀና ሁለት ወር ሙሉ ጠፋለት። እኔ የሰማሁት ጥር ላይ ነው፤ እናቴ ጋቢውን በእንዶድ ስታጥብ የማይለቅ ነጠብጣብ አይታ ነገረችኝ። «ምነው አባዬ ሳትነግረኝ?» ስለው «እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ ይወራል እንዴ!» አለኝ። ሰው የአባላዘር በሽታ ያዘው እንዳይለው ፈርቶ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ኢንፌክሽን ነው ተባልን፤ ኪኒን ዋጠ፣ ደሙ ቆመ። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ኪኒን ተሰጠው፣ ያኔም ቆመ። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? እንዲህ ያለው ደም ምንም ባታደርጉለትም በራሱ ይቆማል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የወሰዳችሁት ነገር ሁሉ ያዳናችሁ ይመስላችኋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ያለ ሕመም ደም ከሸና፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ፊኛው መታየት አለበት። ይህን እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ የምለው ሰውዬ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሳና ወደ ጎንደር ተላክን። እዚያ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው አስገብተው ፊኛውን አዩት። ባቄላ የምታህል ነገር በጎን ግድግዳው ላይ በቅላለች። ሐኪሙ እንደነገሩኝ በምንጭ ውኃ ውስጥ እንደሚወዛወዝ ሳር ትወዛወዛለች፤ ሥሯ ቀጭን ነው። በኤሌክትሪክ በሚሠራ የሽቦ ቀለበት ከሥሯ ቆርጠው አወጧትና ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተቷት። «ውጤቱ ሲደርስ እንነጋገራለን» ተባልን።

ወደ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ስጠብቅ ምን ያህል እንደተማረርኩ አልደብቃችሁም። ለካ ከዚያ ብልቃጥ እስከ ወረቀቱ ድረስ ብዙ ሥራ አለ። ሥጋው በፎርማሊን እንዳይበሰብስ ይደረጋል። ቀጥሎ ውኃው በአልኮል ይመጠጥና ሰም ይጠጣል። ሰሙ ከረጋ በኋላ የሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ በሚለካ ውፍረት፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ሺኛ እጅ ተደርጎ ይከተፋል። ያ ስስ ቅጠል መስታወት ላይ ተለጥፎ በሁለት ቀለም ይነከራል፤ አንደኛው የሕዋሱን እምብርት ወይን ጠጅ ያደርገዋል፣ ሌላው የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ወይን ጠጁን ቀለም የሚሰጠው ሄማቶክሲሊን ከዛፍ እንጨት ነው የሚወጣው፤ እንደኛው አገር የጥንት ቀለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፓቶሎጂስቱ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያጎነብሰው። ማሽን ከፍተውለት «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» እያለ የሚያትም ነገር የለም። ሰው ነው አይቶ የሚፈርደው። እዚህ አገር ደግሞ ያ ሰው ጥቂት ነው፣ ወረፋው ብዙ ነው።

ወረቀቱ የተሰጠን ሐሙስ ነበር፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ሰኞ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን፣ ከጎንደር ሳንርቅ፣ ፖስታውን ከፈትኩት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻ ላይ በደማቁ የተጻፈው መስመር «ፓፒላሪ ዩሮቴሊያል ኒዮፕላዝም ኦፍ ሎው ማሊግናንት ፖቴንሻል» ይላል። እኔ ያየሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ኒዮፕላዝምና ማሊግናንት። ዕጢ፤ ክፉ። ሆዴ ባዶ ሆነ። አባቴ በመስኮቱ ማሳ እያየ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ዞር አለና «ምን ይላል?» አለኝ።

«ሐኪሙ ነው የሚነግረን።»

«አንተ አንብበኸዋል። ካንሰር ነው አይደለም?»

ዝም አልኩ። ዳባት ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና ዝም አልኩ። ዝምታዬ ነገረው። ቤት ስንደርስ ለወንድሜ በጆሮው «ካንሰር ነው» አልኩት። ወንድሜ ለአጎቶቼ ነገረ። አርብ ማታ ዘመድ ተሰበሰበ፤ አዲስ አበባ መውሰድ አለብን፣ ገንዘብ ያስፈልጋል ተባለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። አባቴ አልተቃወመም። በሬውን እስከ በሩ ሸኘውና ገብቶ ተኛ።

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ወረቀቱን አነበቡና ፈገግ አሉ። «ጥሩ ውጤት ነው። ይህን ካንሰር ብለን አንጠራውም። ግን አንተወውም፤ በሦስት ወር ተመልሰው ይምጡ፣ ፊኛዎትን እናያለን» አሉት።

አባቴ አየኝ። እንዲህ አስተያየት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረና «ካንሰር ካልሆነ ምን ያመላልሰኛል? ካንሰር ከሆነም ይንገሩኝ፤ አልፈራም» አላቸው። ሐኪሙ በሰልፍ የሚጠብቅ ሰው አለባቸው፤ የቻሉትን ያህል ነገሩት። የቀረውን ለእኔ ያስረዳኝ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማር የድሮ ተማሪዬ ነው። (ሴልና ማይቶሲስን በጠመኔ እየሳልኩ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን እኔ ደብተር ይዤ እሱ ያስተምረኛል። ደስ ይላል፣ ደግሞም ያሳፍራል።) ከእሱ የገባኝን በእኛ አገር ምሳሌ ላቅርብላችሁ።

የፊኛን ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡት። ውስጡ የተለሰነ ምርጊት አለው፤ ይህ ዩሮቴሊየም የሚባለው የሕዋስ ንጣፍ ነው፣ አምስት ስድስት ረድፍ ያህል ይሆናል። ከእሱ ሥር ልል የሆነ ሥጋ አለ፤ ላሚና ፕሮፕሪያ ይሉታል። ከዚያ ሥር እንደ ማገርና ምሰሶ ያለው ወፍራም ጡንቻ ነው። ፓቶሎጂስቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ምን ያህል ከሥርዓት ወጥተዋል? ይህ ግሬድ ይባላል። ሁለተኛ፣ ክፋቱ ምርጊቱ ላይ ነው ያለው ወይስ ማገሩ ድረስ ገብቷል? ይህ ስቴጅ ነው። እኔ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የማስባቸው የነበረው። ብዙ ሰው እንደኔ ይመስለኛል።

ሥርዓት ሲባል እንዲህ ነው። ከገደል አፋፍ ቆማችሁ የገብስ ማሳ ታያላችሁ እንበል። አንዱ ማሳ ትንሽ በዝቶ የበቀለ ነው፣ ግን ቁመቱ እኩል፣ አቋሙ ቀጥ ያለ ነው። የአባቴ ያች ናት፤ ረድፉ በዝቷል፣ ሕዋሱ ግን ጤናማውን ይመስላል። ሁለተኛው ማሳ አሁንም ረድፍ አለው፣ ነገር ግን እዚህም እዚያም ያልተመጣጠነ ዘለላ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ይህ ዝቅተኛ ግሬድ ካርሲኖማ ነው። ሦስተኛው በረዶ የመታው ማሳ ነው፤ የተጋደመው፣ የተጠማዘዘው፣ የተደራረበው ከሩቅ ይታያል። እሱ ከፍተኛ ግሬድ ነው። ማሳው በአብዛኛው ደህና ሆኖ ጥቂቱን ብቻ በረዶ ቢመታውስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መጽሐፍ ከመቶ አምስቱ እንኳ ከፍተኛ ግሬድ ከሆነ ሙሉው በከፍተኛው ይጠራ ይላል። ከሃያ አንዱ ይበቃል ማለት ነው።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አመዳደብ እንደ አባቴ ያለው ዕጢ በአብዛኛው «ካርሲኖማ፣ ግሬድ አንድ» ነበር የሚባለው። ካንሰር ማለት ነው። በ1998 ፓቶሎጂስቶቹ ከዓለም አቀፉ የዩሮሎጂ ፓቶሎጂ ማኅበር ጋር ተነጋግረው አዲስ ስም አወጡ፤ በ2004 መጽሐፉ ውስጥ ገባ። ያ ረጅም ስም፣ እኔን ሚኒባስ ውስጥ ያስደነገጠኝ፣ የተፈጠረው ሰው እንዳይደነግጥ ነው! እንዲህ ያለ ለስላሳ ዕጢ ያለበትን ሰው ካንሰር አለብህ ማለት ይከብዳል፣ ምንም የለብህም ማለትም አይቻልም፤ ሊመለስ ይችላልና። ስለዚህ መሐል ላይ አስቀመጡት፤ «የመክፋት አቅሙ ዝቅተኛ የሆነ»። እኔ «የመክፋት»ን አንብቤ «ዝቅተኛ»ን ዘለልኩ።

እና አባቴ ያቺው ባቄላ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ቢበቅልበት ኖሮ ካንሰርተኛ ነበር፤ ዛሬ ሲበቅልበት አይደለም። ሥጋው አልተለወጠም፣ ቃሉ ነው የተለወጠው። አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ ይህ ስም ቢቀር ይሻላል ይላሉ፤ ከዝቅተኛው ግሬድ ለመለየት ያስቸግራል፣ አንዱን መስታወት ሁለት ፓቶሎጂስት አይቶ የተለያየ ስም ሊሰጠው ይችላል ነው ምክንያታቸው። ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ተናደድኩ። «እንዴት አይስማሙም?» አልኩት። «ቲቸር፣ እርስዎ ፈተና ሲያርሙ 49ን እና 50ን የሚለየው ምንድን ነው?» አለኝ። ዝም አሰኘኝ።

ይህ ሁሉ ወደ ላይ ስለሚበቅለው ነው። ወደ ላይ የማይበቅል፣ ጠፍጣፋ የሆነም አለ፤ የከፋውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከአባቴ አልጋ ቀጥሎ ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዳርቃይ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፊኛቸው ሲታይ ምንም የበቀለ ነገር የለም፤ ቀላ ያለ ቦታ ብቻ። ቁንጥር ሥጋ ተወሰደላቸው። በውጤቱ ቀን ልጃቸውን በር ላይ አገኘሁት። ወረቀቱ «ካርሲኖማ ኢን ሲቱ» ይላል። ልጁ ትንሽ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሰው አስተርጉሞ «ባለበት ቦታ ያለ» ማለት ነው ብለውታል። «ተመስገን፣ አልተሰራጨም!» ብሎ አቀፈኝ። እኔ ያኔ በራሴ ሐዘን ተውጬ ስለነበር ቀናሁበት። ባይገርማችሁ የእሱ ወረቀት ነበር ከእኔው የከፋው።

«ባለበት ቦታ» ማለቱ እውነት ነው፤ ከምርጊቱ አላለፈም። ነገር ግን ሕዋሳቱ በረዶ የመታቸው ናቸው፤ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ሁልጊዜም ከፍተኛ ግሬድ ነው። ሳይታከም ከተተወ ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ወደ ጡንቻው ይገባል። የአባቴ ባቄላ ታየች፣ ተቆረጠች፤ ይህኛው ግን ቆሞ የሚታይ ነገር የለውም፣ እንደ እርጥበት ግድግዳው ላይ ይሰፋል። ሕዋሳቱ እርስ በርስ ስለማይያያዙ ይረግፋሉ። አንዳንዴ ቁንጥሩ ሲወሰድ ላዩ ተላልጦ ምንም የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ የረገፉት ግን ሽንት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይገኛሉ። ሽንት በተደጋጋሚ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ቢሲጂ። አዎ፣ ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወችው የቲቢ ክትባት። ዘሯ ያው ነው፤ መጠኗ ግን ለፊኛ ተብሎ የሚዘጋጅ ሌላ ነው። በቱቦ ፊኛ ውስጥ ትገባና የሰውነት መከላከያ እንዲነሳ ታደርጋለች። ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 ጽፈው ያሳወቁት ካናዳ የሚሠሩት ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የአዳርቃዩን ሽማግሌ አዲስ አበባ ሂዱ እንዳሏቸው ሰምቻለሁ። የልጁን ስልክ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ወዲያ በኩል የምትኖሩ ካወቃችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

በደህናውና በዚህ መካከል ደግሞ ሌሎች ስሞች አሉ። ድንጋይ ያለበት፣ ኢንፌክሽን የቆየበት፣ ቱቦ ገብቶለት የሰነበተ ፊኛ ሕዋሳቱ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ፣ እምብርታቸው ይተልቃል፣ ሲያዩዋቸው ክፉ ይመስላሉ። ፓቶሎጂስቱ «ሪአክቲቭ» ብሎ ከጻፈ የተቆጣ ነው እንጂ ወደ ካንሰር የሚሄድ አይደለም ማለቱ ነው። «ዲስፕሌዥያ» ካለ ግን መንገድ ጀምሯል፣ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ አልደረሰም ማለት ነው። በሁለቱ መካከል መወሰን ሲያቅተው እንዳልወሰነ የሚጽፍም አለ። እኔ በፊት ይህን ድክመት እለው ነበር። አሁን ሳስበው ያላወቀውን አላወቅሁም ብሎ የሚፈርም ሰው ነው።

ፈተናው ሲጀመር ሐኪሙ አባቴን «ቆላ ኖረው ያውቃሉ? ወንዝ ይዋኙ ነበር?» ብለው ጠይቀውት ነበር። አባቴ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ አዋሽ ሸለቆ ነበር። ለካ የጠየቁት ስለ ቢልሃርዝያ ነው። በእኛ ደጋ አካባቢ የሚታወቀው ቢልሃርዝያ የአንጀቱ ነው፤ የፊኛው ዓይነት ያለው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። እንቁላሉ ፊኛ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ሲያስቆጣው ምርጊቱ ጠባዩን ቀይሮ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ከዚያም ከአባቴው ፈጽሞ የተለየ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ወረቀቱ ላይ «እንቁላል አልታየም» የሚለው ለዚያ ነው። ሌላው ጥያቄያቸው ስለ ሲጋራ ነበር። አባቴ በውትድርናው አጭሶ ነበር፤ ሲጋራ ደግሞ ለፊኛ ካንሰር ዋናው መንስኤ ነው። ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ መርዙ ግን በደም ሄዶ ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል። (ስለ ቢልሃርዝያ ካነሳሁ አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። እናቴ የአባቴን ጋቢ ያጠበችበት ያው እንዶድ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ እሳቸው ሳስተምር ከእንግዲህ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል።)

እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ከገባ፣ እኔ ያላየሁትን አንድ መስመር ፈልጉ፤ ስለ ጡንቻው የሚለውን። «መስኩላሪስ ፕሮፕሪያ» ይላል። ጡንቻው በናሙናው ውስጥ አለ ወይስ የለም? በናሙናው ውስጥ ጡንቻ ከሌለ ፓቶሎጂስቱ «ጡንቻው አልተነካም» ሊል አይችልም፤ ያላየውን እንዴት ይላል? ምሰሶው ሳይታይ ቤቱ ደህና ነው እንደማለት ነው። በተለይ ከፍተኛ ግሬድ ሆኖ ጡንቻ ካልተገኘ ሐኪሞቹ እንደገና ገብተው ይቆርጣሉ። ሰው ይህን ሲሰማ «አበላሽተውት ነው» ብሎ ይቆጣል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ደግሞ ዋናውን ወረቀት አትጣሉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ሰሙና መስታወቱም እንደተቀመጠ ጠይቁ፤ ሌላ ባለሙያ ደግሞ እንዲያየው ይቻላል።

የሦስት ወሩ ቀጠሮ አምስት ወር ሆነ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እነዚያን ሁለት ወራት አባቴ ስለ ፊኛው አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። መንገዱ እንደተከፈተ ሄድን። ፊኛው ንጹሕ ነው። ሊመለስ ይችላል፣ ቢመለስ ይቆረጣል፣ ወደ ጡንቻ የመግባቱ ዕድል በጣም ትንሽ ነው አሉን። ስንመለስ፣ እዚያው አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ «እንግዲህ ንገረኝ፤ ካንሰር ነው አይደለም?» አለኝ።

«አይደለም አባዬ። ግን ዘመዱ ነው፤ ስለዚህ ዓይናችንን አናነሳበትም» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ዘመድ ከሆነማ መምጣቱ አይቀርም» ብሎ ሳቀ። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ገበያ ላይ ላገኘኸኝ ተማሪዬ፦ ያን ዕለት ይህን ሁሉ ልነግርህ አልቻልኩም፣ ሰው ይጋፋን ነበር። ለሰማህበት ሰው ንገርልኝ። በሬው እስካሁን አልተተካም። አባቴ ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ነው ያረሰው፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእኛ ተራ ነው።